የአዲስ ዓለም ጥናት በስታቲክ ድረ ገጽ
የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ የወሰነው ጉባኤ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ. ተካሄደ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለ ሰፈሩ የተደረገ ጥናት በድረ ገጽ ሲወጣ፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ባለቀ ማግስት ከሰርቨሩ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ እንሰጋለን።

ሁጎን የመሰለ ፕሮግራም በተራ የጽሑፍ ፋይል የተቀመጠውን ጥናት አስቀድሞ ወደ ተዘጋጀ ገጽ ይለውጠዋል፤ ዳታቤዝ አይሻም። ሊንኮቹ የድረ ገጹን ሙሉ አድራሻ ሳይጠሩ ከተጻፉ፣ ጠቅላላው ሥራ በፍላሽ ተገልብጦ ኢንተርኔት በተቋረጠበት የደባርቅ ደጋ ሳይቀር ይነበባል። ዐረብኛ ጥቅስ ግን ከቀኝ ወደ ግራ እንዲነበብ የአቅጣጫ ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ይህ ከተዘነጋ ቅንፉና ነጥቡ ያለ ቦታቸው ይውላሉ፣ የሂጅራው ዓመትም የየትኛው ቃል እንደሆነ አይለይም።