ጭሱ ራሱ ማገዶ ነው

እንጨት በቀጥታ አይነድም። ሙቀት ሲነካው መጀመሪያ እርጥበቱ ይተናል፤ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ደግሞ የእንጨቱ አካል መፍረስ ይጀምርና ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ትነትና ቅባታማ ጠብታ ሆኖ ይወጣል። ከፍልጡ በላይ ሲንቦገቦግ የምናየው ነበልባል የዚህ ጋዝ እሳት ነው። የሚቀረው ከሰል ነው፤ እሱም በተራው ፍም ሆኖ ቀስ እያለ ያልቃል። ጋዙ በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካላገኘ ግን ሳይነድ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ጭስ እንለዋለን። በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ገጠር የማድ ቤቱን ጣራ ያጠቆረው ጥላሸት፣ የጋጋሪዋን ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ፣ ከሩቅ ተለቅሞ በጀርባ ታዝሎ የመጣ ማገዶ ነው። ሥራውን ሳይሠራ የባከነ ማገዶ።

ጋዚፋየር የሚባለው መሣሪያ ይህን ብክነት ለመያዝ የተሠራ ነው። እንጨቱ ጋዝ የሚሆንበትን ቦታና ጋዙ የሚነድበትን ቦታ ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚበቃውን አየር ይመጥናል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በጥቂት አየር የሚገኘው ጋዝ 20 በመቶ ያህሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሃይድሮጅን ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ ሜቴን ጥቂት ብቻ አለው። ግማሽ ያህሉ ከአየር የገባ የማይነድ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ የእንጨት ጋዝ የሚሰጠው ሙቀት ከተፈጥሮ ጋዝ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ደካማ ጋዝ ነው፤ ሆኖም ሞተር ያስነሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን የጠፋባቸው የአውሮፓ አገሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎችን በእንጨት ጋዝ ነድተዋል። ጦርነቱ አብቅቶ ቤንዚን ሲመለስ ግን እነዚያ ማሽኖች ወዲያው ተጣሉ፤ አመድና ሬንጅ መሳይ ዝቃጭ መጥረግ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ማጣሪያ ማጠብ የሾፌሩን ቀን ይበላ ነበርና። ዛሬ ስለ ጋዚፋየር በገጠር የምናወራ ሰዎች የዚህን ታሪክ ሁለቱንም ጫፍ ይዘን ብናወራ ጥሩ ነው።

የሰሜን ጎንደር ደጋ ለማገዶ ርኅራኄ የሌለው አገር ነው። ጎንደር ከተማ ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ወይም አተር ለማብሰል ቆላ ላይ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜና የበለጠ እሳት ይጠይቃል ማለት ነው። ብርዱም ቤት ውስጥ እሳት ያስፈልጋል ይላል። የአገር ዛፉ በተመናመነበት፣ ባህር ዛፍም የቤት መሥሪያና የገበያ ዕቃ በሆነበት ቀበሌ፣ ምድጃው ውስጥ የሚገባው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ የሚጠፋው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ለገብሱና ለስንዴው ማሳ ይመለስ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ናይትሮጅን በዩሪያ መልክ በገንዘብ ይገዛዋል።

ታዲያ ጋዚፋየር ለዚህ አገር ምን ይሁን? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሐሳብ የገጠር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሁን የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ በቅድሚያ አይደለም። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮ የሚያስፈልገው ኃይል ጥቂት ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ሥራ ያለ ጭስና ያለ ዘበኛ ይሠራል። እንጀራ ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ የገጠር ቤት ጣራ ላይ የምናያቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ተደምረው አንድ ምጣድ አያግሉም። በኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የቤት ውስጥ ኃይል ከእንጨት፣ ከኩበት፣ ከከሰልና ከሰብል ተረፈ ምርት ይመጣል፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ጋገራ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ለፀሐይ ትተን፣ ጋዚፋየሩን ወደ ምጣዱ ብንወስደው ነው ችግሩ ያለበት ቦታ የምንደርሰው።

የኤሌክትሪኩን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎች የሕንድን ተሞክሮ ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ትክክል ነው። በቢሃር ግዛት ሃስክ ፓወር ሲስተምስ የተባለ ድርጅት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩዝ ገለባ ጋዝ እያመነጨ መብራት ያልነበራቸውን መንደሮች አብርቷል። ነገር ግን ያው ድርጅት በኋላ ፀሐይን ጨምሮ፣ ቀስ በቀስም ፀሐይን ዋናው አድርጎታል። አንዱ ምክንያት ሞተሩ ውስጥ ነው። ጋዙ ሞተር ከመግባቱ በፊት ቀዝቅዞ ዝቃጩ መጣራት አለበት፤ ካልተጣራ ቫልቩን አጣብቆ ሞተሩን ያቆመዋል። ማጣሪያውን ያጠበው ጥቁር ውሃ ደግሞ መርዛም ስለሆነ የትም አይደፋም። ደባርቅ ላይ ሲደርስ የሳሳው አየር የሞተሩን ጉልበት ገና ሳይጀምር ይቀንሰዋል፤ የጋዙ ድክመት ሲጨመርበት ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ኃይል ግማሹን ማግኘትም ያጠራጥራል። ምድጃ ላይ ግን ጋዙ እንደወጣ ትኩሱን ስለሚነድ ዝቃጩም አብሮ ይቃጠላል። ሞተሩን የሚገድለው ነገር ለምጣዱ ማገዶ ይሆናል። አንድ ቦታ ብቻ የሞተሩን ሐሳብ አልዘጋውም፦ መብራት ያልደረሰበት የዲዝል ወፍጮ ቤት። የዲዝል ሞተር ጋዙን ከጥቂት ናፍጣ ጋር ቀላቅሎ መሥራት ይችላል፤ ወፍጮው ሠራተኛ አለው፤ የሚሠራበት ሰዓትም የታወቀ ነው።

ለምድጃ የሚሆነው ጋዚፋየር አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የቆሙ ሁለት የቆርቆሮ በርሜሎችን እናስብ። ውስጠኛው በደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ አፉ ይሞላና ከላይ ይለኮሳል፤ ከሥር አይደለም። ከግርጌው ባሉ ቀዳዳዎች ጥቂት አየር ይገባል፤ ያ አየር እንጨቱን ጋዝ ለማድረግ ብቻ ይበቃል። እሳቱ እንደ ቀጭን ወለል ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጋዙ ከላይ ባለው የጋለ ከሰል መካከል አልፎ ይወጣል። በሁለቱ በርሜሎች መካከል ሞቆ የመጣው ሁለተኛው አየር በአፉ ዙሪያ ከተበሱት ቀዳዳዎች ሲገናኘው ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የነበልባል ምላስ ይወጣል። ጭስ የለም፤ ወይም ለማየት ያስቸግራል። እንጨቱ ጋዙን ሰጥቶ ሲጨርስ ቢጫው ነበልባል ወደ አጭር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ያ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አየሩን ዘግቶ ከሰሉን የማትረፊያው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ይህን ለመሥራት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉ ቆርቆሮ ሠሪዎች የተለየ ዕውቀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የቀዳዳውን ስፋትና ብዛት በልክ መያዝ ነው። ሙቀቱን አምቆ የሚይዝ የሸክላ ሽፋን ደግሞ በሸክላ ሥራ በምትታወቀው ወለቃ ሊሞከር ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ምጣዱ ሲጣድ ነው። ድስት ጠባብ ስለሆነ መሀል ላይ የሚወጣ እሳት ይበቃዋል። ምጣድ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር አለው፤ ዳር እስከ ዳር እኩል ካልጋለ መሀሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ጋጋሪ ሴት ይህን ታውቃለች፤ ጭራሮውን ወደ ዳር እየበተነች፣ አክንባሎውን ከፍታ እየተመለከተች፣ በሁለት እንጀራ መካከል ምጣዱ እንዲያገግም እሳቱን ትጨምራለች። በርሜሉ ግን አንዴ ከተለኮሰ መሀል ላይ ማገዶ አይጨመርበትም። ስለዚህ በውጭ አገር ለሩዝ ማብሰያ የተነደፈ ምድጃ አምጥቶ ማደል ገንዘብ ማባከን ነው። ደስ የሚለው፣ በዚህ ላይ የሠሩ ሰዎች አሉ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የባዮማስ ጋዚፋየር ምድጃ ሠርተው በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። የጎንደር ሥራ ከዚያ መነሣት ነው፤ ከዜሮ መጀመር አይደለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ምን እናነድበታለን የሚለው ነው። ጋዚፋየር መራጭ ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ፣ መጠኑም ተቀራራቢ የሆነ ማገዶ ይፈልጋል። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና ጭራሮ ተቆራርጦ ከደረቀ ይስማማዋል። የጤፍና የገብስ ጭድ የከብት መኖ ስለሆነ አይነካም። በመተማና በአካባቢው ቆላ ግን ሰሊጡ ከተራገፈ በኋላ ብዙ አገዳ ይቀራል፤ ተጨፍልቆ ወደ ብሪኬት ቢለወጥ በጎንደር ከተማ የሚበቃ ገበያ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ለደጋው ገበሬ ግን ማጓጓዣው ያስወድደዋል። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ደንቢያን ያስጨነቀው እምቦጭስ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። እምቦጭ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው። አሥር ኪሎ እምቦጭ በእሳት ለማድረቅ ዘጠኝ ኪሎ ውሃ መትነን አለበት፤ ለዚህ የሚሄደው ሙቀት ከቀረው አንድ ኪሎ ደረቅ ነገር ከሚገኘው ይበልጣል። በፀሐይ ካልደረቀ በቀር ለጋዚፋየር አይሆንም፤ እንዲህ ያለ እርጥብ ነገር የባዮጋዝ ጉድጓድ ይሻለዋል። ባዮጋዝ ደግሞ ሙቀት ይወዳልና ለደንቢያ ሜዳ ሲስማማ በደባርቅ ብርድ ይንቀረፈፋል። ለዚህ ነው አንድ መሣሪያ ለሁሉም ወረዳ ብሎ ማቀድ የማይሠራው።

ከሰሉን በተመለከተ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ምድጃው ከገባው እንጨት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆን ክብደት በከሰል መልክ ያስቀራል፤ ነገር ግን በዚያ ውስጥ ከእንጨቱ ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህሉ አብሮ ይቀራል። ከሰሉን ለወጥና ለቡና የሚጠቀም ቤት ማገዶ ይቆጥባል፤ አድቅቆ ከፍግ ጋር ማሳው ላይ የሚበትን ቤት አሲዳማ አፈሩን ያሻሽላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን ማንም አያገኝም። የእኔ ግምት ቤተሰቡ መጀመሪያ ለቡናው እንደሚያደርገው ነው፤ ይህም ክፉ አይደለም፤ ገበያ ከሚገዛው ከሰል ያንን ያህል ይቀንሳልና። ዋናው የመሬት ጥቅም የሚገኘው በሌላ በኩል ነው፦ ምድጃው ኩበትን ከተካ እበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ከጤና በኩል የሚመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የደረሰውን ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር የተያያዘ ሞት 3.2 ሚሊዮን ገምቷል። ጋዚፋየር ምድጃ ጭሱን ከቀነሰ ሕፃናትን ያድናል ብለን መጠበቃችን የሚገባ ነው። ሆኖም ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ፣ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ አየር የሚነፋ ማራገቢያ ያላቸው ምድጃዎች ለየቤቱ ሰጥቶ የሳንባ ምች ሲቀንስ አላየም። በእኛው ክልል በሜጫ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የተሞከረበት ጥናትም በሕፃናት የመተንፈሻ ሕመም ላይ ግልጽ ለውጥ አላገኘም። እነዚህን ውጤቶች ማለፍ አይቻልም። የምረዳው እንዲህ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ብክለት በግማሽ ቢቀንስም ገና ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው፤ ደግሞም አዲሱ ምድጃ ገብቶ ሦስቱ ጉልቻ ጥግ ላይ እየነደደ ከቀጠለ ሳንባ ልዩነቱን አያውቀውም። ስለዚህ ጋዚፋየርን በጤና ስም ብቻ መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም። በማገዶና በጉልበት ቁጠባ ይሸጥ፤ ጭስ መውጫና መስኮት ግን አብረው ይሠሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር የሚዘጉ ቤቶች ላይ የሚደርሰውን አደጋ ደጋው ያውቀዋል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዝ መስጠቱን የቀጠለ ምድጃም ያው አደጋ አለበት።

ሌላው ተቃውሞ የህዳሴ ግድብ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ስለ እንጨት ማውራት ኋላ ቀርነት አይሆንም ወይ? ለጎንደር ከተማ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መስመር ያለው ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ለየቅል ናቸው። ከሰሜን ተራሮች ገደል ማዶ ላለ ተበታትኖ ለሰፈረ መንደር፣ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢሰካ የሚችል መስመርና ትራንስፎርመር መዘርጋት ዓመታት ይወስዳል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እንጀራ ይጋገራል። የማገዶው ጉዳይ ፓርኩንም ይነካል፦ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ነው፤ ዙሪያው ያለው ሕዝብ ማገዶ ካላገኘ የፓርኩን የአስታ ዛፍ ወደ መቁረጥ መመለሱ አይቀርም።

ጋዚፋየሩ የሚሞከርበት የመጀመሪያው ቦታ የገበሬው ቤት መሆን ያለበት አይመስለኝም። በቀን መቶዎችን የሚመግቡ ወጥ ቤቶች አሉ፦ ምገባ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የአብነት ተማሪዎች የሚኖሩባቸው ገዳማት፣ በማኅበር ተደራጅተው እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች። እነዚህ ማገዶ በጭነት ይገዛሉ፤ ስለዚህ የተቆጠበውን በብር ያዩታል። ከሰኔ በፊት ቆራርጠው የሚያከማቹበት መጋዘን፣ ምድጃውን የሚለምድ ቋሚ ሠራተኛ፣ ሁለት በርሜል በተራ እየተለኮሰ ጋገራ ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት ቦታ አላቸው። አንድ ኩንታል ደረቅ ማገዶ በሦስት ጉልቻ፣ በተሻሻለው የእንጀራ ምድጃና በጋዚፋየር ስንት እንጀራ እንደጋገረ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱንም ጨምሮ ቢመዘገብ፣ ዋጋው ለደባርቅ ገበሬ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ከዚያ መዝገብ ማንበብ ይቻላል።