ልጃችሁ የጨዋታ ማሽን በእጁ ሲሠራ፦ ወላጅ ምን ማወቅ አለበት?

ልጃችሁ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ሽቦና ቺፕ ዘርግቶ፣ የመበየጃ ብረት ይዞ ይቀመጣል። ምን እየሠራህ ነው ስትሉት «የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን» ይላችኋል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ጊዜና ገንዘብ የሚባክን ይመስለዋል። ሆኖም መጫወት ሌላ፣ ማሽኑን መሥራት ሌላ ነው። ልጁን ከመቆጣታችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እንመልከት።

ማሽኑ ምንድን ነው?

ለምሳሌ ኮሌኮቪዥንን እንውሰድ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣ ማሽን ነው። ኮሌኮ የተባለው ኩባንያ በ1932 ሲቋቋም የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ስሙም «ኮኔቲከት ሌዘር ካምፓኒ» ከሚለው አጥሮ የወጣ ነው።

ይህ ማሽን ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ዋና ዋና ቺፖቹ ለእሱ ብቻ የተሠሩ ሳይሆኑ ማንም ከገበያ ሊገዛቸው የሚችል ነበሩ። ሥራውን የሚመራው ዜድ 80 የተባለው ቺፕ ነው። ሁለተኛው ቺፕ ምስሉን በ256 በ192 ነጥቦችና በ15 ቀለማት ይሥላል። ሦስተኛው ሦስት ድምፆችና አንድ የሹክታ ድምፅ ያወጣል። ማሽኑ ለሥራው የሚጠቀምበት ማስታወሻ 1 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሺህ ያህል የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚይዝ ማለት ነው። ትንሽ ስለሆነ አንድ ተማሪ ሙሉውን አሠራር ሊረዳው ይችላል።

መገልበጥ ብቻ አይደለም

የድሮው ማሽን ሦስት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈልግ ነበር፦ 5 ቮልት፣ 12 ቮልትና ከዜሮ በታች 5 ቮልት። ምክንያቱ ምስሉን የሚይዙት 8 የድሮ ማስታወሻ ቺፖች ነበሩ። ዛሬ በስምንቱ ፋንታ አንድ አዲስ ቺፕ ቢገባ 5 ቮልት ብቻ ይበቃል። ችግሩ የድሮዎቹ አድራሻውን በሁለት ከፍለው ይቀበሉ ነበር፤ አዲሱ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው የሚያቆዩ ትንንሽ ቺፖች በመካከል መጨመር አለባቸው። ንድፍ ማውጣት የሚባለው ይህ ነው።

ሥራውም በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ በቴስተር ይለካል። ቀጥሎ ዜድ 80 ብቻውን ይሞከራል፤ በመረጃ መስመሮቹ ሁሉ ዜሮ ከተሰጠው ምንም ሳይሠራ አድራሻዎቹን በተራ ይቆጥራል። ይህም ሕይወት እንዳለው ያሳያል። ከዚያ በኋላ ማስታወሻው፣ ምስሉና ድምፁ አንድ በአንድ ይጨመራሉ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

• ንድፉ ያለብየዳ በሚሠራ የሙከራ ሰሌዳ ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ጠይቁ። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ከ5 ሰሌዳ በታች አያትሙም፤ ንድፉ ከተሳሳተ አምስቱም ይበላሻሉ።

• የዜድ 80 አምራች በ2024 ዋናውን ቺፕ መሸጥ ስላቆመ፣ ላዩ ተፍቆ አዲስ ጽሑፍ የታተመበት አሮጌ ቺፕ እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ። መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ግዙ።

• የአሜሪካን ማሽን ከነኤሌክትሪክ ማስገቢያው ብትገዙ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትሰኩት። የእነሱ 120 ቮልት ነው፤ እስራኤል ውስጥ ያለው 230 ነው። ይቃጠላል።

• የመበየጃው ብረት እስከ 350 ዲግሪ ይሞቃል። ከሕፃናት ይራቅ፤ መስኮት ይከፈት። የመበየጃው ሽቦ እርሳስ ካለበት በምግብ ጠረጴዛ ላይ አይሠራበት፤ ከሥራ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ሕጉስ?

የዚያን ጊዜ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች ዘመናቸው አልፏል። የጨዋታዎቹና የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም የደራሲ መብት ግን አላለፈም። ልጁ የራሱን ፕሮግራም ቢጽፍ፣ ወይም ደራሲዎቹ የፈቀዱትን ቢጠቀም ይሻላል። ለመሸጥ ካሰበ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ።

ለሥራ ይጠቅማል?

ማሽኑ ብቻውን ሥራ አያስገኝም። የባግሩትንም ሆነ የሃንደሳይን የምስክር ወረቀት አይተካም። ነገር ግን ሃንደሳይ ለመሆን የሚማር ተማሪ የመጨረሻ ፕሮጀክት መሥራት ይጠበቅበታል፤ አንድ ጊዜ ንድፍ አውጥቶ፣ በይዶ፣ ብልሽት ፈልጎ ያገኘ ልጅ ለዚያ ተዘጋጅቶ ይደርሳል። በሥራ ቃለ መጠይቅም «ኤሌክትሮኒክስ እወዳለሁ» ከማለት የሠራውን ሰሌዳ አውጥቶ ማሳየት ይሻላል። ስለዚህ ደብተር እንዲይዝ ንገሩት፦ ምን ሞከረ፣ ምን ተበላሸ፣ እንዴት አገኘው። ፎቶ ያንሳ፤ ቀኑን ይጻፍ። አሠሪ የሚጠይቀው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ብልሽቱን እንዴት እንዳገኘው ነው።

እኛ ወላጆች እንግሊዝኛውን ባናውቅም መጠየቅ እንችላለን። «ይህ ቺፕ ምን ይሠራል? ለምን እዚህ አደረግኸው?» በሉት። በአማርኛም ይሁን በዕብራይስጥ አስረድቶ ከነገራችሁ እየተማረ ነው። መመለስ ካቃተው የሌላውን ሥራ ዝም ብሎ እየገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከኤሌክትሮኒክስ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ጭቃ ለውሶ ማሰሮ የሚሠራ ባለሙያ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር የሚያስተምረው። ዛሬ አስተማሪው ልጁ ቢሆንም፣ አጠገቡ መቀመጡን አንተው።