የሱቁ ወረቀትና የልጁ አማርኛ

ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በኖቬምበር 2024 ስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ ያሉት፣ በተመረዘ ምግብ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነበር። ቀኑ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ፤ የወረቀት ጣጣ ግን መች ያልቃል!

ወረቀቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ዛንድስፕሩት ውስጥ ሱቅ ያለው አባት ከደንበኛው ጋር በዙሉ ይግባባል፤ ቅጹን የሚያነብለት ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። አማርኛው የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። «ና ብላ»፣ «ጫማህን አውልቅ» የሚገባው ልጅ «ፈቃድ»፣ «ቅጣት»፣ «ቀነ ገደብ» አያውቅም። «ፔፐሩ ችግር አለው» ብሎ ያልፋል። ምን ችግር? አባት ሲገላበጥ ያድራል። (አፍ መፍቻችን ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ ለሆነው ደግሞ አማርኛው ለራሳችንም ሁለተኛ ነው።)

ቃሉን ቀድማችሁ ስጡት። የጅምላ ዕቃ ደረሰኝ ሲመጣ አብራችሁ ተቀመጡ፦ ዋጋ፣ ቅናሽ፣ ግብር፣ ድምር። እሱ ያንብብ፣ እናንተ ስሙን ንገሩት።

ዛቻና የፖሊስ ጭቅጭቅ ግን ልጅ አያስተርጉም። በ2001 የዚምባብዌ ስደተኞች ቤት የተቃጠለው እዚሁ ዛንድስፕሩት ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ አዋቂ ጎረቤት ጥሩ።

ለቅዳሜ ትምህርት አንድ የቆየ ደረሰኝ አስይዟቸው። ስምና መታወቂያ ቁጥር ካለበት ሸፍኑት።