ያገለገለ ጎልድ ዊንግ፦ ካርቡሬተር ወይስ ኢንጀክሽን?

ለረጅም መንገድ የሚሆን ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚፈልግ ሰው ሻጩን በቅድሚያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ካርቡሬተር ነው ኢንጀክሽን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ብቻውን ግን ብዙ አይነግረውም። ለዚህ ከሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን ሄዶ፣ ተመልሶ ካርቡሬተር ሆኖ፣ እንደገና ወደ ኢንጀክሽን የዞረ ሞተር ነውና።

የመጀመሪያው ጂ ኤል 1000 እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ አራት ሲሊንደርና ለእያንዳንዱ አንዳንድ ካርቡሬተር ነበረው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የጂ ኤል 1200 ልዩ እትም በኢንጀክሽን መጣ፤ በ1986 ደግሞ አንድ ሞዴል ተከተለው፤ ከዚያ ነገሩ ተተወ። በ1988 የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ጂ ኤል 1500 በሁለት ካርቡሬተሮች እየሠራ እስከ 2000 ዘለቀ። ኢንጀክሽን ለዘለቄታው የገባው በ2001 ከጂ ኤል 1800 ጋር ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ሥራቸውን እንይ። የሁለቱም ተግባር አንድ ነው፦ ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ ማደባለቅ። ልኩ በክብደት ሲሰላ ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ነው። ካርቡሬተር ይህን የሚያደርገው ያለ ኮምፒውተር ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከሥር ካለችው ትንሽ ማጠራቀሚያ ቤንዚን በነሐስ ቀዳዳ በኩል ተስቦ እንደ ሽቶ መርጫ ይረጫል። ቀዳዳዋ ግን አየሩ ሳሳ አልሳሳ አትሰፋም አትጠብም።

ችግሩ ከፍታ ላይ ይታያል። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲወጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጉልበቱ ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለደጋ የተስተካከለው ደግሞ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ይግላልም። ዴንቨር የሚኖር አበሻ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከ1,600 ሜትር ተነስቶ በሮኪ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ባለው የትሬል ሪጅ መንገድ ከ3,700 ሜትር በላይ ይወጣል። የጎልድ ዊንግ ካርቡሬተሮች በአየር ግፊት ከፍ ዝቅ የሚል ፒስተን ስላላቸው ችግሩን ያቀሉታል እንጂ አያጠፉትም። ኢንጀክሽን ግን የአየሩን ግፊትና ሙቀት በሴንሰር እየለካ፣ ቤንዚን የሚረጨው አፍ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ በየዙሩ ያሰላል። ተራራ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ከሆነ ኢንጀክሽን መርጦ መገላገል አይሻልም? እዚህ ላይ ነው የ1985ቱ ልዩ እትም ጥሩ ትምህርት የሚሆነው። በዘመኑ ከጂ ኤል 1200ዎች ሁሉ ዘመናዊውና ውዱ እሱ ነበር፤ ዛሬ ግን በእኔ ግምት ለገዢ አስቸጋሪው እሱ ነው። ኮምፒውተሩና አንዳንዶቹ ሴንሰሮች ካርቡሬተር ባላቸው ወንድሞቹ ላይ የሉም፤ አንዱ ሲበላሽ አሮጌ ሞተር ከሚፈታባቸው ቦታዎች ዕቃ ፍለጋ መዞር ነው። ካርቡሬተር ያለው የዚያው ዘመን ሞተር የካርቡሬተሩ ጎማና ቀዳዳ ተቀይሮለት፣ ካቻቢቴና ትዕግሥት ባለው ሰው እጅ ይነሳል። ስለዚህ ኢንጀክሽን ከተፈለገ የ2001 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው ይሁን።

ካርቡሬተርን የሚገድለው መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ወራት ሲቆም በማጠራቀሚያው ያለው ቤንዚን ይተንና ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል። በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማትበልጥ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት። የአሜሪካ ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል። የኢንጀክሽን መስመር የታሸገ ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማል፤ ግን ዓመታት ከቆመ ፓምፑ ይነክሳል፣ የሚረጨውም አፍ ይደፈናል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ግን በየሳምንቱ የሚነዳ ሞተር ጥቂት ሄዶ አምስት ዓመት ጨርቅ ከለበሰው ይሻለኛል።

ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ሌላ ቀን መመለስ ነው፤ የካርቡሬተር በሽታ በብርድ እንጂ በሙቀት አይታይም። ጂ ኤል 1500ን በቾክ አስነሱት፤ ሞቆ ቾኩ ሲመለስ ሚኒሞው 800 ዙር አካባቢ ሳይንገዳገድ መቆም አለበት። ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ሽታም ፈልጉ። በዚህ ሞዴል ታንክ የሚመስለው ነገር ታንክ አይደለም፤ ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ካርቡሬተሮቹ ደግሞ ከዚያ የውሸት ታንክ ሥር በቱቦ ተከበው ተቀብረዋል። እነሱን ማውጣት የሰዓታት ሥራ ስለሆነ ጋራዡ የሚያስከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ለእጁ ነው።

ጂ ኤል 1800 ላይ ቁልፉን አዙሩና ጸጥ በሉ። ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ብሎ መቆም አለበት፤ የኢንጀክሽኑ መብራትም በርቶ ይጥፋ። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ተጠራጠሩ። ባትሪው ደካማ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስለሚምታታ የሴንሰር ብልሽት ሊመስል ይችላል፤ በጥሩ ባትሪ ሳይሞከር ዋጋ አትቁረጡ።

አንድ ነገር ግን ካርቡሬተር ኢንጀክሽን ከሚለው ክርክር ይቀድማል። እስከ ጂ ኤል 1500 ድረስ ያሉት ጎልድ ዊንጎች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት በጎማ ቀበቶ ነው፤ ቀበቶው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያልቃል። ጂ ኤል 1800 ወደ ሰንሰለት ተቀይሯል። ሻጩ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ካላሳየ፣ የአዲሱን ቀበቶና የሠራተኛውን ዋጋ ከጠራው ላይ ቀንሱ፤ ሳይቀየርም ወደ ቤት አትንዱት፤ ጭናችሁ ውሰዱት።