በጥያቄና በመልስ መካከል

የሂሳብ አስተማሪ በዩቲዩብ ላይቭ እኩልዮሽ እየሠራ ነው። ሁለተኛውን መስመር እንደጨረሰ «እስከዚህ ገባችሁ?» ይላል። ቻቱ ጭጭ። ዝምታውን እንደ «አዎ» ቆጥሮ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ይቀጥላል። ይሄኔ መልሱ ይንጋጋል፤ «ቲቸር፣ ማይነሷ ከየት መጣች?» የሚልም አለ። የትኛዋ ማይነስ? ሰሌዳው ላይ አሁን ሦስት አሉ።

ተማሪዎቹ አላንቀላፉም፤ ጥያቄው ራሱ ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። እንዲህ ያለው ስርጭት ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንድ ርዝመት እየቆራረጠ ይልካል። የተማሪው ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ቢዋዥቅ እንዳይቆምበት፣ የተወሰኑ ቁራጮች ሳያጠራቅም ማሳየት አይጀምርም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤችኤልኤስ በተባለው ዘዴ ዛሬ የሚመከረው የአንድ ቁራጭ ርዝመት 6 ሰከንድ ነው፤ ሦስት እስኪጠራቀም 18 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። ኳስ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ ጎረቤቱ ቀድሞ «ጎል!» ካላለ በቀር። ትምህርት ግን ምልልስ ነው።

ዙምና ጉግል ሚት አያጠራቅሙም ማለት ይቻላል። ድምፁን በጥቃቅን ፓኬቶች እንደወጣ ይለቁታል፤ መንገድ ላይ የጠፋውን ቆመው አይጠብቁም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ እንደሚለው፣ ድምፅ ከተናጋሪው አድማጩ ጋ ከ150 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከደረሰ ንግግር አይታወክም። ይህም ዋጋ አለው። ኔትወርክ ሲደክም ቃላት ይዋጣሉ፤ ነፃው ዙም ደግሞ ከ100 ሰው በላይ አያስገባም፣ 40 ደቂቃ ሲሞላም ይዘጋል።

ስለዚህ ተማሪው የበዛለት አስተማሪ ዩቲዩብ ላይ ይቆያል፤ ማስተካከያውም እዚያው ቅንብሩ ውስጥ አለ። እጅግ ዝቅተኛውን መዘግየት ከመረጠ ለአብዛኛው ተመልካች ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። 4ኬ ጥራት ይቀርበታል (ለነጭ ሰሌዳ 4ኬ ምን ሊሠራ!)። ጣጣው ሌላ ነው፦ የሚጠራቀመው ስላነሰ ደካማ ኔትወርክ ያለው ልጅ ቪዲዮው ቶሎ ቶሎ ይቆምበታል። ጥያቄና መልስ ያለበት ክፍለ ጊዜ ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ገለጻ ብቻ ከሆነ ግን ባይነካ ይሻላል።

አስተማሪው ከወንበሩ ሆኖ የማያየው ነገርም አለ። በእሱ ኮምፒውተር ሁሉም ጥርት ያለ ነው፤ ዳታው ለደከመበት ተማሪ ግን ዩቲዩብ ጥራቱን በራሱ እስከ 144ፒ ያወርደዋል። ያኔ በቀጭን ማርከር የተጻፈ ኤክስ ስኩዌር ከኤክስ ኪዩብ አይለይም። ሙከራው ቀላል ነው፤ ከክፍሉ በፊት ሌላ ስልክ በዳታ አስገብቶ፣ ጥራቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጎ፣ የገዛ ጽሑፉን ለማንበብ መሞከር።