ቂብላ ጠቋሚው ስልክ ለማን ይነግራል?

 

ይህንን ድምፅ የምትሰሙበት ሬድዮ አንድ መልካም ጠባይ አለው። እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ፤ ማን እንደሚሰማኝ ግን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጣቢያው ሞገዱን ይለቃል እንጂ ከሬድዮናችሁ ወደ እርሱ የሚመለስ ነገር የለም። ሰልችቷችሁ ብትዘጉትም አላውቅባችሁም።

የእጅ ስልክ ግን እንዲህ አይደለም። ጥሪ እንዲደርሰን ኔትወርኩ በየትኛው ማማ አካባቢ እንዳለን ማወቅ አለበት። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ስልኩ ራሱ ለአዲሱ ማማ መምጣቱን ይናገራል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ክትትል በመገናኛ ላይ ከውጭ የሚጨመር ነገር ይመስለናል እንጂ፣ መገናኛው ሲሠራ ገና ዱካ ይተዋል። ጥያቄው ዱካውን ማን ይይዘዋል፣ ለማንስ ይሰጠዋል የሚለው ነው።

ብዙዎች «እኔ የምደብቀው ወሬ የለኝም» ይላሉ። ነገሩ ግን ወሬው ላይ አይደለም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ የመልእክቱን ይዘት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ይቆልፋል። ወሎ ያለች እናት ጅዳ ካለች ልጇ ጋር የምታወራው አይሰማም። ማን ከማን ጋር፣ መቼ ተገናኘ የሚለው ግን በዚህ ቁልፍ አይሸፈንም። ዓርብ ቀትር ላይ ስልኬ የት እንደሚውል ያወቀ ሰው ደግሞ ሃይማኖቴን ለማወቅ አንዲት ቃል መስማት አያስፈልገውም።

በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸው የገዛላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። «ሸይኽ፣ ይሄ የሶላት ሰዓት የሚናገረው ነገር ያለሁበትን ቦታ ልወቅ ይለኛል። ልፍቀድለት?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር አንድ ምርመራ አወጣ። ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው ሙስሊም ፕሮ፣ የሶላት ወቅትንና ቂብላን የሚያሳየው አፕ፣ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይልክ ነበር። ኩባንያው በአፖች ውስጥ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ያስገባል፤ ለአፑ ባለቤቶች ይከፍላል። ከዚያ የሰበሰበውን ለሥራ ተቋራጮች፣ በእነርሱም በኩል ለአሜሪካ ጦር ይሸጥ ነበር። ፊቱን ወደ ካዕባ ለማዞር የጠየቀ ሙስሊም ዱካው የት እንደሚደርስ በምን ያውቃል? ሙስሊም ፕሮ ዜናው እንደወጣ ከኤክስ-ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። እ.ኤ.አ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድንና ተተኪውን፣ የእምነት ቦታዎችን የመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚሹ ሥፍራዎችን የሚያጋልጥ መረጃ እንዳይሸጡ አገደ።

ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ መጥፎ ጥርጣሬን፣ ስለላንና ሐሜትን በአንድነት ይከለክላል። ዑለሞች ስለ ቅደም ተከተሉ ሲናገሩ ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፣ ከዚያ ይሰልላል፣ ያገኘውን ደግሞ ያማል ይላሉ። በዘመናችን ግን ነገሩ ተገልብጧል። ኤክስ-ሞድ ማንንም አልጠረጠረም፤ የሁሉንም ዱካ ሰበሰበ፤ ጥርጣሬው ለገዢው ተተወ። ወንጀል የሠራን ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ መከታተል ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ ዳኛ አለ። እዚህ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

ለኚያ አባት የመለስኩላቸው እንዲህ ነው። የሶላት ሰዓት ለማወቅ የከተማው ስም ይበቃል። የሎኬሽን ፈቃዱን ዘግተን «አዲስ አበባ» ብለን በእጃችን ጻፍን፤ ሰዓቱም ወጣ። ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ በስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ ነው፤ ላልገባችሁ ልጆቻችሁ ያሳዩአችሁ። ቂብላውን በተመለከተ ደግሞ፣ መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጣም በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። ደሴ ላይማ ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ሰሜንን ለማወቅ ፀሐይዋ የምትወጣበትን በቀኝ እጅ በኩል ማድረግ በቂ ነው።