ኦቨን ለሌለው ቤት፦ የማይጋገረው የቸኮሌት ብስኩት አሠራር

ለዒድ እንግዳ ከቡናው ጋር የሚቀርብ ጣፋጭ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በምን እንጋግረው?» የሚለው ነው። በሰቆጣም ሆነ በጋዝጊብላ ደጋ ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ያለውም ቢሆን መብራት የሄደ ቀን ከሌለው አይሻልም። በጦርነቱ ወቅት ዋግ ኽምራ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት መቆየቷን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ዛሬ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስትና አንድ ትሪ ብቻ ስለሚበቃው የቸኮሌት ብስኩት እንነግራችኋለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያኖች እንደ ቋሊማ ጠቅልለው ይቆርጡታል፤ ቱርኮች «ሞዛይክ ፓስታ» ይሉታል። በሊባኖስ ደግሞ «ሌዚ ኬክ»፣ ማለትም የሰነፍ ኬክ ይባላል። ቤሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን በዚህ ስም ሊያውቁት ይችላሉ። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ሰነፍ የሠራው እንደሆነ ሳይረጋ ይቀራልና።

የሚያስፈልገው 400 ግራም ያህል ተራ የሻይ ብስኩት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ስኳር፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ያልጣፈጠ የካካዋ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የቡና ሲኒ ወተት እና ሁለት የቡና ሲኒ የቀለጠ ቅቤ ነው። ቅቤው ያልተነጠረ ይሁን። እኛ መጀመሪያ በሞከርንበት ቀን እጃችን ላይ የነበረው ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ነበርና ብስኩቱ ኮሰረት ኮሰረት ሸተተ። ልጆች በሉት፤ እንግዳ ፊት ግን አላቀረብነውም።

ብስኩቱን በእጅ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል መጠን ስበሩት። አትውቀጡት፤ ዱቄት ከሆነ ፈሳሹን ሁሉ ይጠጣና ገንፎ ይሆናል። ካካዋውንና ስኳሩን በደረቁ አደባልቃችሁ ወተቱን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ካካዋው ይጓጉላል። ከዚያ ለስላሳ ፍም ላይ ጥዳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በቆላ ግን ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ አረፋ ስላያችሁ ብቻ በስሏል ብላችሁ አታውርዱ። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ፣ ድብልቁ የማንኪያውን ጀርባ ሸፍኖ ሲቀር ነው የደረሰው።

ቅቤውን በዚህ ጊዜ ጨምራችሁ አንድ ጊዜ ይንተክተክና አውርዱ። ይህን የምንለው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤና ያልፈላ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። አንዳንዶች ደግሞ ጥሬ እንቁላል ይመቱበታል፤ እኛ አንመክርም። ብስኩቱ ከዚህ በኋላ እሳት ስለማያገኘው በእንቁላሉ ያለው ጀርም አይሞትም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ ለብዙ እንግዳ በሚቀርብ ነገር ላይ ይህን መድፈር ተገቢ አይደለም።

ድብልቁ ለብ እስኪል ጠብቁና ብስኩቱን ጨምሩበት። ትኩስ እያለ ከተጨመረ ብስኩቱ ይላሽቃል። ንጹሕ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ትሪ ላይ ገልብጡና በማንኪያ ጀርባ አጥብቃችሁ ተጫኑት። በደንብ ካልተጫነ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል።

የሚያረጋው ቅቤው ነው፤ ለመርጋት ደግሞ ብርድ ይፈልጋል። በዚህ በኩል ደጋው ከፍሪጅ ያላነሰ ይረዳል። ማታ ሠርታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ባለው ሳፋ መካከል ትሪውን አስቀምጡና ክደኑት፤ ጠዋት ይደርሳል። ውሃው ጉንዳንም ይከለክላል። ዝቋላና አበርገሌ ያላችሁ ግን ሌሊቱም ሞቃት ስለሆነ ወተቱን ወደ አንድ ሲኒ ቀንሱ፤ ቢለሰልስም አይግረማችሁ።

የዋግ ነጭ ማር ያለው ሰው የስኳሩን ግማሽ በማር ሊተካ ይችላል። ማር እርጥበት ስለሚይዝ ብስኩቱ ጠጣር አይሆንም፤ ስለዚህ ወተቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ማሩንም ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበትን አትስጡ።

ሐላልነቱን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ስለተሠራ ብቻ አይታለፍ። ፈሳሽ ቫኒላ ብዙ ጊዜ የሚሟሟው በአልኮል ነው፤ የዱቄቱን ቫኒላ መጠቀም ወይም ጭራሽ መተው ይቀላል። ማርሽሜሎ መጨመር የሚወዱ ሰዎች ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ ይመልከቱ። ብስኩቱ ፓኬት ላይ ኢ471 የሚል ካያችሁ፣ ከአትክልትም ከእንስሳም ቅባት ሊገኝ የሚችል ነገር ነውና የሐላል ምልክት ያለውን ምረጡ።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። በ2016 እና በ2017 ዒድ አልፈጥር የዋለው በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። በዋግ የዒድ ቤት ጎረቤት ሳይገባበት አይውልም። ስለዚህ አንዱን ትሪ በወተት ፋንታ በውሃ፣ በቅቤ ፋንታ በሚረጋው የፓልም ዘይት ሥሩ፤ ፈሳሽ ዘይት አይረጋም። ብስኩቱም ወተትና ቅቤ የሌለበት መሆኑን ከፓኬቱ ላይ አንብቡ። ሁለቱ ትሪዎች ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ የጾሙን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቢላዋውም የተለየ ይሁን።

ሲቆረጥ ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ይረዳል። ሁለት ጣት በሚያክል ቁራጭ ከቆረጣችሁት ይህ መጠን 30 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል። በደጋ ብርድ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የቆላው በዚያው ቀን ይበላ።